ማይክ ከሰጠሁት ቀን ጀምሮ ክፍሌ አልመጣም

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የ29 ዓመት መምህርት ነኝ። ደሴ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። ዓምድዎን የምታነበው እናቴ ናት፤ እኔም ከእሷ ስልክ ላይ እያየሁ ነው የለመድኩት። አንድ ቀን እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ሁለተኛ ዓመት ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ደቡብ ሱዳናዊ ስደተኛ ነው። ያደገው ጋምቤላ ካምፕ ውስጥ ነው። ዝምተኛና ጎበዝ ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር፣ መስኮቱ ጥግ ይቀመጣል። እኔም በ2014 ጦርነት ጊዜ ከቤተሰቤ ጋር ከደሴ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ሰው ቤት ተጠግቼ ስለነበር፣ ሳየው ሆዴ ይባባል። አንድ ነገር ላደርግለት እፈልግ ነበር።

ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በግቢያችን ሲከበር ፕሮግራሙን የምመራው እኔ ነበርኩ። ለእሱ አስቀድሜ ሳልነግረው "ዛሬ ከመካከላችን የስደትን ሕይወት ያየ ወንድማችን አለ" ብዬ ጠርቼ ማይክ ሰጠሁት። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጨበጨቡለት። በእንግሊዝኛ ስሙንና ዲፓርትመንቱን ተናገረ። እኔ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል፣ "ከሀገርህ እንዴት እንደወጣህ እስቲ ንገረን" አልኩት። ትንሽ ተናገረና ዝም አለ። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ክፍሌ አልመጣም። በቴሌግራም ስጽፍለት "ደህና ነኝ ቲቸር" ብቻ ይላል። የሌሎች መምህራን ክፍል ግን ይገባል አሉኝ።

ጃኬት ልገዛለት ከመምህራን ብር ላሰባስብ አስቤ አንድ ባልደረባዬን አማከርኩት። "ከወለጋ ተፈናቅለው ጃራ ድንኳን ውስጥ ያሉ የራሳችን ልጆች እያሉ ለውጭ ሀገር ሰው ታዋጫለሽ?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ለማለትም አልቻልኩም።

ሌላም አለ። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ደርሳ በጦርነቱ የወጣች ሱዳናዊት፣ ኮምቦልቻ የእናቷ ዘመዶች ጋ ተጠግታለች። የጥገኝነት ጥያቄዋ ገና እየታየ ነው። እኛ ጋ ልመዝገብ ብላ ብትመጣ ሬጂስትራር "ኦሪጅናል ትራንስክሪፕት አምጪ" ብሎ መለሳት። ለእንደ እሷ ዓይነት ተማሪ አሠራር የለንም ይላሉ።

ዲናችን ይህን ሁሉ ሰምተው "እስቲ ኮሌጁ ምን ያድርግ? አንድ ገጽ ጽፈሽ አምጪ" አሉኝ። ልጁን ይቅርታ ሳልጠይቅ ስለ እሱ ወረቀት መጻፍ ደግሞ አስጠላኝ። ከየት ልጀምር?

ግራ የገባኝ፣ ከደሴ

አብሽሪ እህቴ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያየሁት የልጁን ስም አለመጻፍሽን ነው። የሚቀመጥበትን ወንበር እንኳ ነግረሽኝ ስሙን ተውሽው። ያ ጥንቃቄ ኅዳር 29 አዳራሹ ውስጥ አብሮሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አትጽፊልኝም ነበር። ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ጥንቃቄው አንቺ ጋ አለ፣ ከሌላ ሰው የምትበደሪው አይደለም ልልሽ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደብረ ብርሃን ሳላችሁ ያስጠጓችሁ ሰዎች ጎረቤቱን ሁሉ ቡና ጠርተው፣ አንቺን መካከል አቁመው "እንዴት እንደወጣችሁ እስቲ ንገሪን" ቢሉሽ ምን ትሆኚ ነበር? ሰዎቹ ክፉ አይደሉም እንበል። አዝነውልሽ ነው፤ እንባቸውም ይመጣል። ትናገሪ ነበር? ብትናገሪስ፣ በማግስቱ እነዚያን ሴቶች መንገድ ላይ ስታገኚ ቀና ብለሽ ታዪያቸው ነበር?

መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ። ለራስሽ ካገኘሽው ግን ልጁ ለምን ከአንቺ ክፍል ብቻ እንደሚቀር ይገባሻል። የሌሎቹን መግባቱ እኮ ጥሩ ዜና ነው። ትምህርቱን አልጠላም። የሸሸው ያንን አዳራሽ ነው፤ አንቺ ደግሞ አዳራሹን ይዘሽ የምትዞሪ ሆነሽበታል።

እኛ ወሎዎች በእንግዳ አቀባበል አንታማም። ደህናውን መቀመጫ እንለቃለን፣ ያለንን እናቀርባለን፣ "ካልበላህ" ብለን እስከ ጠብ እንደርሳለን። ደስ ይላል። ግን እንግዳ ሽንኩርት ሲልጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንግዳ ጓዳ አይገባም። "ዛሬ ምን ይሠራ?" ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው "ሀገርህ እንዴት ነው?" ነው። አንድ ቀን ሲሆን ክብር ነው። አራት ዓመት ሙሉ እንግዳ መሆን ግን ያደክማል። ይህ ልጅ ቤተኛ መሆን የሚፈልግ ይመስለኛል። ልሳሳት እችላለሁ፤ የሚያውቀው እሱ ነው።

የዲኑ ወረቀት ሁለት ሳምንት ቢቆይ ሰማይ አይደፋም። መጀመሪያ ይቅርታው። ከይቅርታው በፊት ደግሞ አንድ የምታጣሪው ነገር አለ፦ ያን ቀን ቪዲዮ የቀረጸ ሰው ነበር? ኮሌጁ ቻናል ላይ ወይም የአንድ ተማሪ ቲክቶክ ላይ ወጥቷል? ከወጣ ዛሬውኑ አስነሺው። የስደተኛ ፊትና ስም ከነታሪኩ ኢንተርኔት ላይ መውጣቱ የማሳፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሀገሩ የቀረ ቤተሰብ ሊኖረው ይችላል። ማን እንደሚያየው አንቺም እኔም አናውቅም።

ከዚያ ጻፊለት። "ደህና ነህ?" የሚለው ይብቃው። ጥያቄው መልስ ያስገድደዋል፣ መልሱም "ደህና ነኝ" ከማለት አያልፍም። መልስ የማይጠይቅ መልእክት ላኪለት። እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦

"ያን ቀን ሳላስፈቅድህ ወደ መድረክ ጠርቼሃለሁ። ሰው ፊት የማይጠየቅ ነገርም ጠይቄሃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ። ስለዚያ ከእኔ ጋር ማውራት አይጠበቅብህም። ያመለጡህን ኖቶች ልኬልሃለሁ። የቀረህን ኩዊዝ ሐሙስ ወይም ዓርብ ከሰዓት፣ በሚመችህ ቀን መውሰድ ትችላለህ። ለዚህ መልስ ባትጽፍም ምንም አይደል።"

በሚቀለው ቋንቋ ይሁን። "እኔም ተፈናቅዬ ስለነበር ነው" የምትለዋን ግን አሁን አታስገቢያት። እውነት ናት፤ ይቅርታ መካከል ስትገባ ግን ማስተባበያ ትሆናለች። አንድ ቀን እሱ ራሱ ከጠየቀሽ ትነግሪዋለሽ። ጃኬቱንም ከይቅርታው ጋር አታገናኚው፣ ካሳ ይመስላል።

ኩዊዙን ያነሣሁት በምክንያት ነው። አንቺ ጓደኛው አይደለሽም፤ ማርኩ እጅሽ ላይ ነው። መምህሩን የሸሸ ተማሪ ሌሊት የሚያስበው ስለ ኤፍ ነው፣ ስለ አቴንዳንስ ነው። የትምህርት ዕድሉ በውጤቱ ላይ ከተንጠለጠለ ደግሞ የባሰ ነው። ያን ፍርሃት ካነሣሽለት የይቅርታው ትልቁ ክፍል እሱ ነው።

ሁለት ሳምንት ጠብቂ። የክፍል ልጆችን "ሂዱና አምጡት" ብለሽ አትላኪ። ከመጣ "እንኳን ደህና መጣህ!" ብለሽ አታጨብጭቢ፤ እንደማንኛውም ተማሪ ይግባና ይቀመጥ። ካልመጣ አንድ የሚቀርበው መምህር ወይም የተማሪዎች አማካሪ በኩል ኮርሱን በሌላ ሴክሽን መውሰድ ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ። ቅር አይበልሽ፤ ይህም አንዱ መፍትሔ ነው። እንቅልፍ እንዳጣ፣ ምግብ እንደተወ፣ ወይም "መኖር ሰልችቶኛል" ዓይነት ነገር መናገሩን ከሰማሽ ግን ሁለት ሳምንት የሚባል የለም። ያኔውኑ ብቻውን እንዳይሆን አድርጊና ወደ ሐኪም ይወሰድ። አንቺ ሥነ ልቦና ሐኪም ለመሆን አትሞክሪ።

አሁን ስለ ክፍልሽ አንድ ነገር ልገምት። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት እኔም ኮሌጅ አስተምሬያለሁ። በወረቀት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ስላይዱን በእንግሊዝኛ እናነባለን፣ ትምህርቱን በአማርኛ እናስረዳለን። ቀልዱ በአማርኛ ነው። "ይቺን ነገር ያዟት" የምትለዋ፣ ለፈተና የምታስፈልገዋ ወርቅ ቃልም በአማርኛ ናት። አንድ ቀን ክፍሉ በሙሉ ሲስቅ አንዲት ልጅ ግራና ቀኝ አይታ፣ ዘግይታ ስትስቅ አየኋት። ምን እንዳልኩ አልገባትም፤ ብቻዋን ላለመቅረት ነው የሳቀችው። ስደተኛ አልነበረችም፣ ከአፋር የመጣች ኢትዮጵያዊት ናት። ለስንት ዓመት እንዲህ ሳስተምር እንደኖርኩ ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ያንቺ ተማሪ ከኋላ ጥግ የሚቀመጠው ዝምተኛ ስለሆነ ነው ወይስ ግማሹ ስለሚያመልጠው? እስቲ አንድ ሳምንት ራስሽን አዳምጪ። አማርኛውን ጨርሶ ተዪ አልልሽም፣ ሌሎቹም ተማሪዎች ናቸው። ግን በአማርኛ ያስረዳሽውን በሁለት ዓረፍተ ነገር እንግሊዝኛ ድገሚው። የኩዊዝ ቀን ማስታወቂያም ቴሌግራም ላይ በሁለቱም ቋንቋ ይውጣ። ሳንቲም አያስወጣም፤ ከጃኬቱ በላይ የሚያሞቀው ግን ይህ ነው።

ስሙን አስተካክለሽ ትጠሪዋለሽ? ልጆቹስ ምን ይሉታል? የብዙ ግቢ ልማድ ስለሆነ ነው የምጠይቅሽ፤ ከደቡብ ሱዳን የመጣውን "ሱዳን" ብለው ይጠሩታል። ለእነሱ ጨዋታ ነው። ደቡብ ሱዳን ከሱዳን ተለይታ ሀገር የሆነችው ሐምሌ 2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ደም ፈሶበታል። አንዱን ኤርትራዊ "ኢትዮጵያ" ብለሽ እንደ መጥራት ቁጠሪው። ስለ ቆዳ ቀለም የሚወጣውን ቅጽል ስም ደግሞ እዚህ አልጽፈውም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሲባል ከሰማሽ አትለፊው። ክፍሉ ፊት ቆመሽ ንግግር አታድርጊ፣ ልጁ እንደገና መድረክ ላይ ይወጣል። ተናጋሪውን ከክፍል በኋላ ለብቻው ያዢው። ደግሞ ረጅም ነው ብላችሁ በግድ ባስኬት ቦል ቡድን አታስገቡት። ቼዝ ይወድ ይሆናል።

የቡድን ሥራ ስትሰጪ "ማን ከእሱ ጋር ይሁን?" አትበይ። ቡድኑን አንቺ መድቢ፣ ለሁሉም የየራሱን ድርሻ ስጪ። ሽንኩርቱን እሱም ይላጥ። ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን ከተፈተነው መቶ ሰው ግማሽ ነጥብ ያመጣው ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ገደማ ነበር። በቀጥታም ይግባ በሪሜዲያል፣ ከካምፕ ትምህርት ቤት ተነሥቶ አንቺ ክፍል የደረሰ ልጅ ለሌላው የሚያስረዳው ነገር አያጣም። የሚታዘንለት ብቻ ሆኖ መኖር ያሳንሳል።

ወደ ባልደረባሽ ልምጣ። ልክ ነሽ፣ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ጃራ ሄዶ ድንኳኖቹን ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። የተናገረው ከክፋት አይመስለኝም። እጃችን ላይ ያለው ትንሽ ነው፣ ለማን ይድረስ ነው ጭንቀቱ። በ1977 ድርቅ ከወሎ ብዙ ሰው ጋምቤላ ሰፍሯል። የእናቴ ታናሽ ወንድም አንዱ ነበር። እዚያ የነበሩት ሰዎች ፈልገውም ሆነ ሳይፈልጉ መሬት ለቀውለታል። ዛሬም በባቲ በኩል ወጥቶ፣ ከጅቡቲ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገረው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ እናውቃለን። ይህን ግን ለባልደረባሽ መከራከሪያ አታድርጊበት። የቆሰለን ሰው በታሪክ መርታት ምን ያደርጋል?

ይልቅ እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ "ከጃራ የመጣ ተማሪ ግቢያችን ቢገባ መጀመሪያ ምን ይቸግረዋል?" ብርድ ይለዋል። ሰርተፊኬቱ ጠፍቶበታል። ሴሚስተር ሲዘጋ የሚሄድበት ቤት የለውም። ያየው ነገር ሌሊት ይመጣበታል። እስቲ ከደቡብ ሱዳኑ ልጅ ችግር የሚለየው የቱ ነው? ስለዚህ ለአንድ ልጅ መዋጮ አታሰባስቢ። ለልጁም ይከብደዋል፣ ባልደረባሽም ይቀየማል። ተመራቂዎች ሲወጡ ጥለውት የሚሄዱት ጃኬትና ብርድ ልብስ ስንት ነው! ተማሪዎች አገልግሎት ጋ አንድ ቁም ሳጥን ይኑር። የፈለገ ይውሰድ፣ ስም አይመዝገብ። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ናት፤ ደሴ ከ2,400 በላይ። ከጦሳ የሚወርደውን የታኅሣሥ ብርድ እኛም አልቻልነውም፣ እንኳን ከቆላ የመጣ ልጅ። ከአፋር የመጣውም፣ ከሶማሌ የመጣውም ያመሰግናችኋል። ቁም ሳጥኑን እንዲያስተባብር ባልደረባሽን ጠይቂው። እምቢ የሚል አይመስለኝም።

የሴሚስተር ዕረፍቱን ጉዳይ ግን አደራ አትርሺው። ሌላው ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ሲበር፣ ፕሮክተሩ ቁልፍ ሲሰበስብ፣ ይህ ልጅ የት ይሄዳል? ከደሴ ጋምቤላ በአዲስ አበባ በኩል ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ትራንስፖርቱ አለ፣ በየኬላው "መታወቂያ!" አለ። የስደተኛ መታወቂያ አይቶ የማያውቅ ፈታሽ ሲያገላብጠው መንገደኛው ሁሉ ያፈጥጥበታል። ሁለት ነገር ይቻላል። አንዱ፣ በዕረፍት ጊዜ አንድ ብሎክ ክፍት ሆኖ ካፌው በትንሹ እንዲሠራ ማድረግ። ሌላው፣ መሄድ ለሚፈልግ ተማሪ ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ሳይለምን መስጠት። "ሳይለምን" ያልኩት አንድ ወረቀት ለማግኘት ሦስት ቢሮ የሚያመላልሱትን ስለማውቅ ነው።

ስለ ሱዳናዊቷ። ስደተኛ የሚባለው ጥያቄው ተቀባይነት ያገኘ ሰው ነው፤ እሷ ጥገኝነት ጠያቂ ናት፣ ውሳኔ እየጠበቀች ነው። ይህ ማለት ግን ትምህርት አይመለከታትም ማለት አይደለም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስለ ትምህርት ሲናገር ሁለቱንም ይጠቅሳል። አንደኛ ደረጃ ላይ እንደ ዜጋ እኩል ናቸው። ከፍተኛ ትምህርትና ቴክኒክና ሙያ ላይ ደግሞ የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠንና በትምህርት ፖሊሲው መሠረት ይላል። "አቅም በፈቀደ" የምትለዋ ቃል እንደ ሰዉ ናት። ቅን ሰው በር ይከፍትባታል፣ ሰነፍ ሰው ይደበቅባታል። ሬጂስትራራችሁን ክፉ ነው አልልም። አሠራር ሳይኖረው ፊርማው ላይ ተጠያቂ መሆን ፈርቶ ይሆናል። ስለዚህ "ለምን መለስካት?" አትበይው፣ "ምን ብናዘጋጅልህ ትፈርማለህ?" በይው።

ትራንስክሪፕቱን ከየት ታምጣ? ካርቱም ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ስትታመስ የኖረች ከተማ ናት። ልጅቷ በእጇ ምን አላት? የተማሪ መታወቂያ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ ስልኳ ላይ የቀረ የውጤት ፎቶ፣ የድሮ መምህሯ ኢሜይል? ሁሉንም ትሰብስብ። ለኦሪጅናሉ ጊዜ ሰጥታችሁ በጊዜያዊነት መቀበል፣ የመግቢያ ፈተና መስጠት፣ የወሰደቻቸውን ኮርሶች ዲፓርትመንቱ በቃል መጠየቅ ይቻላል። የውጭ ሀገር ማስረጃን አቻ ግምት የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ እንዲህ ላለ ጉዳይ ምን እንደሚቀበሉ ኮሌጁ ራሱ ደብዳቤ ጽፎ ይጠይቃቸው። ብቻዋን አዲስ አበባ አትላኳት።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ አሳስቢያቸው። ማስረጃ ለማጣራት ብለው ሳያስፈቅዷት ወደ ሀገሯ ኤምባሲ እንዳይጽፉ። ከሀገሩ የሸሸ ሰው የት እንዳለ ለሀገሩ መንግሥት ማሳወቅ የወረቀት ሥራ አይደለም።

የተማረችው ሁለት ዓመት ላይቆጠርላት እንደሚችልም በጊዜ ንገሯት። ከአንደኛ ዓመት ጀምሪ ብትባል ትቀበለዋለች? ወይስ አጭር የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ወስዳ ሥራ መያዝ ይሻላታል? ይህን የምትመርጠው እሷ ናት። ክፍያውንም አጣሪ፤ "የውጭ ዜጋ" ተብሎ የተለየ ዋጋ የሚጠየቅ ከሆነ ዲኑ ወረቀትሽ ላይ ያግኙት። ለስደተኛ ተማሪዎች ዳፊ የሚባል፣ ጀርመን የምትደግፈው፣ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ስኮላርሺፕ አለ፤ በሀገራችንም ብዙ ተምረውበታል። መስፈርቱንና ጊዜውን ከስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ወይም ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ትጠይቅ። ቃል እንዳትገቢላት ብቻ።

ወረቀቱን ለመጻፍ እንግዲህ ብዙ አልቀረሽም። የልጁ ታሪክ አይግባበት፣ የልጅቷም። ከነጃሺም አትጀምሪ፣ እባክሽ። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የመጡትን ስደተኞች መድረክ ላይ አመስግኖ፣ ዛሬ የመጣችውን ሬጂስትራር መስኮት ላይ "ነገ ነይ" ማለት ለምዶብናል። ዲኑ ቁጥር የሚወዱ ከሆነ ይህን ስጫቸው፦ በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከመቶ ስደተኛ ወጣት ከፍተኛ ትምህርት የገባው 3 ገደማ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. 7 ገደማ ደርሶ ነበር፤ በ2030 እ.ኤ.አ. 15 ይድረስ ተብሎ ነው የታቀደው። ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው ተራ ነገር ነው። ማስረጃ የሌለው ተማሪ ሲመጣ ማን ጋ ይሂድ? የአንድ ሰው ስምና የቢሮ ቁጥር። ዕረፍት ላይ የትኛው ብሎክ ክፍት ይሆናል? መድረክ ላይ ተማሪን ከማውጣት በፊት ማን ያስፈቅዳል? ይህችን የመጨረሻዋን አንቺ ጻፊያት፣ ማንም ካንቺ በተሻለ አይጽፋትም። ከተቻለ ደግሞ ረቂቁን ለአንድ ሁለት ስደተኛ ተማሪዎች አሳይተሽ "ምን ቀረ?" በይ። እሱን ግን አሁን አትጠይቂው። ይረፍ።

አንድ ቀን፣ ነገሩ ከበረደ በኋላ፣ ቤትሽ ቡና ልትጠሪው ታስቢ ይሆናል። ወሎዬ ነሽና አይቀርም። ብቻውን አትጥሪው፣ ከቡድኑ ልጆች ጋር ይምጣ። እናትሽን አስቀድመሽ አስጠንቅቂያት። አቦሉ ላይ ዝም ብትል ቶናው ላይ "እናትና አባትህስ አሉ?" ማለቷ አይቀርም፣ አውቃታለሁ፣ እኔም እላለሁ። ዓምዱን የምታነበው እሷ ከሆነች ይኸው ሰምታለች። ስኒ የሚያጥብ ሲፈለግም እሱ ይነሣ፣ "ተው አንተ ተቀመጥ" አትበሉት።

ሱዳናዊቷ ምን እንደተባለች ጻፊልኝ።